መስመሩ ተይዟል

ግዛቸው ኮምፒውተሩን ያመጣው ሊማርበት ነበር። ሌሊት ሌሊት የላስ ቬጋስን አየር ማረፊያ ወለል የሚያጸዳ ሰው ነው። ኮምፒውተር ከቻልኩ ቀን የሚሠራበት ቢሮ እገባለሁ ብሎ፣ የሥራ ባልደረባው ሊጥለው የነበረውን አሮጌ ማሽን ታቅፎ በአውቶቡስ ቤቱ አደረሰው። ያኔ ኢንተርኔት የሚገባው በቤት ስልክ መስመር ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ይደውላል፤ ቀጥሎ ያፏጫል፣ ይንጫጫል፤ ከቀናው ይገባል።

ትምህርቱ ሳምንትም አልቆየም። አንድ ጠዋት ከሥራ ገብቶ አማርኛ የተጻፈበት ነገር ሲፈልግ፣ ስሙን ያልገለጸ ተማሪ የሠራው ገጽ ላይ ወደቀ። ተማሪው ከጎጃም ገበያዎችና ሠርግ ቤቶች በካሴት የቀዳቸውን የአዝማሪ ዘፈኖች እዚያ ላይ ጭኗቸዋል። ግዛቸው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ነገር ግን አገር ቤት ሳለ ማሲንቆ የሽማግሌ ጨዋታ ይመስለው ነበር። አሁን ድምጹ ከውኃ ሥር እንደሚመጣ እየታፈነ፣ ሁለት ቃል ብሎ እየቆመ፣ ደግሞ እየቀጠለ ሲመጣ፣ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ቀረ።

የዚያን ሰሞን ሚስቱን ብርቱካንን በስልክ ነገራት። አገር ቤት ሄዶ ካገባት ገና ዓመት አልሞላውም፤ እሷ ቪዛዋን እየጠበቀች ደብረ ማርቆስ ነበረች፣ ሆዷም ገፍቷል።

«ማሲንቆ በኮምፒውተር ሰማሁ» አላት።

«ጉድ! በደጅህ ሲያልፍ ጆሮህን የምትይዝበት ሰውዬ አሜሪካ ድረስ ተከተለህ?»

«ስትመጪ አሰማሻለሁ።»

«እኔ እዚህ ጠግቤዋለሁ። አንተ ብቻ ድምጽህን አሰማኝ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ሁልጊዜ ከአፍንጫዋ ነው የሚጀምረው።

ወሬው ተዛመተና እሑድ እሑድ ጠዋት የግዛቸው ቤት የሰው መሰብሰቢያ ሆነ። ታክሲ የሚነዳው ንጉሤ፣ በዕድሜም ታላቃቸው ስለሆነ፣ ሶፋው ላይ ቦታ ነበረችው። ሌሎቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ዘፈን እስኪመጣ ይጫወታሉ፤ ሲመጣ ጸጥ ይላሉ። የሚያስመርራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዘፈኑ መሐል ከውጭ ስልክ ሲደወል ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፤ ሁሉም እንደገና ከሀ ይጀመራል። ያፌት የሚባል ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ መላ አመጣ።

«ማሽኑ ከሚደውለው ቁጥር በፊት ኮከብና ሰባ ጻፍበት» አለው። «አንተ ኢንተርኔት ላይ እያለህ የሚደውል ሰው ሁሉ ተይዟል ይባላል። አንተን አይነካህም።»

ግዛቸው በገዛ እጁ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ዘፈን ተቋርጦባቸው አያውቅም።

በሐምሌ አንድ እሑድ፣ ተማሪው አዲስ ዘፈን ጭኖ አገኙ። ረጅም ነው፤ እስኪመጣ ጠዋቱ አለቀ። ሲመጣ ግን ሳይንተባተብ መጣ። አዝማሪው ሰዉን ሁሉ በየስሙ እየጠራ ያወድሳል፣ ይሰድባል፣ ሠርገኛው ይስቃል፣ የሴቶቹ እልልታ የድምጽ ማጉያውን ያርገፈግፈዋል። ግዛቸው ተነሥቶ እስክስታ ወረደ። ዓይን አፋሩ ሰው! ንጉሤ እየሳቀ ሶፋው ላይ ተንጋለለ። «ድገመው! ድገመው!» አሉ፤ ደገመው። እስከ ቀትር ደጋገሙት። ሲበተኑ መጋረጃውን ዘግቶ ተኛ፤ ማታ ሥራ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ፣ የንጉሤን ታክሲና የሚያውቃቸውን መኪኖች ሁሉ ደጁ ላይ ተደርድረው አየ። ሰዎቹ ጥላ ሥር ቆመዋል። በዚያ ሙቀት ንጉሤ ጥቁር ኮት ለብሷል። ግዛቸው ኮቱን አየና ከአውቶቡስ ማቆሚያው አልንቀሳቀስ አለ። እነሱ ናቸው ወደ እሱ የመጡት። ብርቱካን በወሊድ ሞታለች፤ ሴት ልጅ ተርፋለች።

ለአርባዋ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። የብርቱካን እኅት ልዕልት ሕፃኗን አስታቀፈችውና አጠገቡ ተቀምጣ ነገሩን ከመጀመሪያው አወራችው።

«ሕፃኗ በሰላም ወጣች። ደሙ ነው እምቢ ያለው» አለች። «እሑድ ወደ ማታ፣ ድምጹን ልስማ አለችኝ። የአዋላጆቹ አለቃ ደግ ሴት ናት፤ እሱ ከደወለ በእኔ ስልክ ታናግረው አለች። አልጋዋን ገፍተን ከቢሮዋ በር አስጠጋናት። እኔ ወደ ቴሌ ሮጥኩ፣ ቁጥሩን ሰጥቼ ደውልላት ልልህ። መስመሩ ተይዟል አለችኝ የቴሌዋ ሴት። ደግማ ሞከረች፣ ተይዟል። እሑድ የአሜሪካ መስመር ይጨናነቃል አለችኝ። ቴሌ እስኪዘጋ ቆምኩ። ተመልሼ ምን ልበላት? ሥራ ላይ ነው አልኳት።»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ቀና ብላ አየችው።

«ሥራ ላይ ነበርክ አይደል?»

የደብረ ማርቆስ ምሽት የላስ ቬጋስ ጠዋት ነው። ግዛቸው ሕፃኗን አየ።

«አዎ» አላት።

ላስ ቬጋስ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ኮምፒውተሩን አውርዶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ መክተት ነበር። እሑድ የሚመጡትም ቀሩ፤ ሐዘኑ ነው ብለው አልጠየቁትም። ልጁን ሮሐን አራት ዓመት እስኪሆናት ልዕልት አሳደገቻት፤ ከዚያ እሱ አመጣት። ፀጉር መሥራት ከጎረቤት ተማረ፤ ትምህርት ቤት ለማድረስ ሲል ሺፍቱን ቀየረ፤ አቅመ ደካማ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር መግፋት ጀመረ። ሌላ ሚስት አላገባም። በመኪናው ሬዲዮ ዜና እንጂ ዘፈን አይከፈትም። ሮሐ ሌላ ጣቢያ ስታዞር ዝም ብሎ ይመልሰዋል።

ልዕልት በቪዲዮ ስትደውል ለሮሐ ደጋግማ የምትነግራት አንድ ታሪክ ነበር፦ መስመሩ ተይዞ እናትሽ ድምጹን ልትሰማ ስትጠብቅ፣ አባትሽ ለእናንተ ብሎ ሥራ ላይ ነበር። ሮሐ በዚህ ታሪክ አደገች። ኮሌጅ ለመግባት ስለ ራስሽ ጻፊ ሲሏት ይህንኑ ጻፈች፤ ለአባቷም አነበበችለት። ግዛቸው አለቀሰ።

ነርስ ሆና በተመረቀች ጊዜ፣ የንጉሤ ልጅ ኤልዳና ኮረብታ ላይ ባለው ቤቷ የምሳ ግብዣ አደረገችላት። ከኮረብታው ላይ ከተማው ታች ተዘርግቶ በፀሐይ ይንቀለቀላል። ንጉሤ አርጅቷል፤ ደስ ብሎታል፤ ወጣቶቹ ዘፈን ሲመርጡ አየና ጨዋታ ጀመረ።

«እናንተ በጣታችሁ ነክታችሁ ትሰማላችሁ። እኛ በስልክ መስመር በሚገባው ኢንተርኔት አንድ ዘፈን ለመስማት ግማሽ ቀን እንጠብቅ ነበር፣ አባትሽ ቤት፣ ሮሐ። ያቺን የመጨረሻዋን እሑድ መቼም አልረሳት! አንድ አዝማሪ ሙሉውን መጣልን፤ አባትሽ ተነሥቶ እስክስታ! ቢሉኝ አላምንም ነበር።» ድምጹን ዝቅ አደረገ። «በማግስቱ መርዶ ይዘንለት ሄድን እንጂ።»

ሮሐ ሳህኗን አስቀመጠች።

«ጋሽ ንጉሤ፣ በማግስቱ ማለት ኔክስት ዴይ ነው?»

«አዎ፣ ሰኞ ጠዋት።»

«ሰንደይ ግን አባዬ ሥራ ነበር።»

«ኧረ ቤቱ ነበር! እስከ ቀትር አብረን አልነበርን እንዴ፣ ግዛቸው?»

ግዛቸው ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ንጉሤ የሁለቱን ፊት አየና፣ ምን እንዳጠፋ ባያውቅም፣ ጨዋታውን አቆመ።

ሲመለሱ ሮሐ ነበረች የምትነዳው። ከኮረብታው ወርደው ሳይጨርሱ አንድ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አደረገች።

«ስልኩ የተያዘው በኢንተርኔቱ ነው?»

«አዎ።»

«እቴቴ ልዕልት ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እኔ ኮሌጅ ስገባ ጻፍኩት እኮ። አነበብኩልህ። አለቀስክ። ፕራውድ ሆነህ መስሎኝ ነበር።»

ግዛቸው አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ። ስለ ኮከቡና ስለ ሰባ፣ ያን ቁጥር በእጁ እንደጻፈው ነገራት። ለሷ ምኑም አልገባትም፤ አስረዳት። ሲጨርስ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየችና ሞተሩን አስነሣች።

በሳምንቱ ልዕልት ደወለች። ሮሐ ነግራታለች።

«እውነት ነው ግዛቸው?»

«እውነት ነው።»

ልዕልት ስትተነፍስ ይሰማዋል።

«ሥራ ላይ ነው ስላት ምን እንዳለችኝ ነግሬህ አላውቅም። እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ደክሞት ይገባል፣ ይተኛ፣ ሲነቃ ይደውላል አለች። ከዚያ አልጋዬን ከበሩ አታንሡት አለችን።»

ግዛቸው ግድግዳውን ተደገፈ።

«እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ያንን ሥራህን ስረግም ኖርኩ» አለች ልዕልት። «ሚስቱ ስትሞት ሰውን የማይለቅ ሥራ እያልኩ። አሁን ማንን ልርገም?»

ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ለገና ደወለላት፣ ለፋሲካ ደወለላት፤ አላነሣችም። ሮሐ ሆስፒታል ሥራ ጀመረች። ከቤት አልወጣችም፤ ጠዋት ደህና አደርክ ትለዋለች፣ ምግብ ታስቀምጥለታለች፣ ስለ በሽተኞቿ ግን እንደ ድሮው አታወራውም። እሱም እንዳትሄድበት ስለሚፈራ ምንም አይጠይቃትም።

ለእንቁጣጣሽ ልዕልት ለሮሐ ደወለች። ሮሐ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ነበርና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ አባቷ ፊት አስቀምጣ ድምጹን ከፈተችው። አክስትና ልጅ ስለ አዲሱ ሥራ፣ ስለ ልዕልት ጉልበት ተጨዋወቱ። ሊሰነባበቱ ሲሉ ልዕልት ቆም አለች።

«እሱስ?» አለች። «ደህና ነው?»

ሮሐ ቢላዋውን ይዛ ዞር አለች፤ ተናገር እንደማለት አየችው። ግዛቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምጽ ግን አልወጣውም።

ሮሐ ትንሽ ጠበቀችው።

«ደህና ነው፣ እቴቴ» አለች በመጨረሻ። «እዚህ ነው።»