በሦስተኛው ዘፈን መሃል የአክስቴ ድምፅ

በቀደም መሳቢያዬን ሳጸዳ አንድ አሮጌ ደብተር አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ «ኅብረተሰብ፣ 5ኛ ለ» ይላል፤ ከመሃሉ ጀምሮ ግን ያለው የራፕ ግጥም ነው፣ ከነመስመር ቁጥሩ። የሰማሁትን ካልጻፍኩት የማላምንበት ጊዜ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነውና፣ አምስተኛ ክፍል ስገባ አብረውኝ የሚቀመጡት ልጆች ትከሻዬ ጋ ነበር የሚደርሱት።

ያኔ ከአንበሳሜ ገጠር መጥቼ ደብረ ታቦር፣ አክስቴ ቤት ነበር የምኖረው። አባቴ መማሬን የፈቀደው በግማሽ ልቡ ነው፤ «ይበቃታል» የሚልበት ሰበብ ብቻ ይጠብቃል። አክስቴም በመጣሁ ሳምንት «የመላኩን ዕቃ የነካሽ ቀን ወደ አባትሽ ነው» ብላኛለች። መላኩ ልጇ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ይጠብቃል። ካለው ሁሉ አብልጦ የሚሳሳለት ከባሕር ዳር ያስመጣው አንድ የአማርኛ ራፕ ካሴት ነበር።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጓደኛው ዲያቆን ይትባረክ ይመጣና ክርክሩ ይጀመራል። ለመላኩ ክላሲክ አልበም ማለት ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድም የማይዘለልበት ነው። ዳዊቱን በቃሉ የያዘው ይትባረክ ግን አይዋጥለትም።

«ካሴቱ ቢጠፋ በሰው አፍ የሚቀር፣ እሱ ክላሲክ ነው። ያንተው ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።»

«ከበሮ ስትመታ አድረህ መጥተህ የእኔን ምት ታጣጥላለህ?»

«የእኛ ከበሮ ባትሪ አይበላም።»

እኔ ጥግ ላይ ምስር እየለቀምኩ እሰማለሁ። ማንም ባይጠይቀኝም የራሴ ሚዛን ነበረኝ፦ ግጥሙ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ቤት እየመታ የሚሰለፍ እንጂ ዝም ብሎ የተደረደረ ቃል እንዳይሆን። ይህን ለማወቅ ደግሞ መጻፍ ነበረብኝ። መላኩ በማይኖርበት ሰዓት ቴፑን እያስቆምኩ፣ እየመለስኩ እጽፍ ጀመር። አንድ ቀን ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያመለጠኝን ቃል ልይዝ ስጣደፍ ጣቴ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍም አብሮ ተጫነ። የገባኝ ከጓሮ አክስቴ ስትጣራ ነው። ደንግጬ ማጥፊያውን እስካገኝ ድረስ ቴፑ መዞሩን ቀጠለ። መልሼ ስሰማው፣ በግጥሙ ፈንታ ቴፑ በአክስቴ ድምፅ «አንቺ ብርቄ፣ የት ነሽ? ድስቱ አረረ እኮ» አለኝ።

እስከ እሑድ ምግብ አልወረደልኝም። ልብሴንም በልቤ ጠቅልዬ ጨርሻለሁ።

በዚያ እሑድ መላኩ «ዛሬ ሳንነካው እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን» ብሎ ካሴቱን ከፈተ። ሦስተኛው ዘፈን ሲገባ ዓይኔን ከምስሩ ላይ አላነሳሁም። ግጥሙ ተቋረጠና የአክስቴ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ባዶ ሹሹታ። መላኩ ወደ እኔ ዞረ። እሱ አፉን ሳይከፍት ግን ይትባረክ፣ ያ ሁሉ ሲያጣጥል የነበረው ሰው፣ ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ የጠፋውን ግጥም ካቆመበት ቀጠለው። ሹሹታው አልቆ ዘፈኑ ሲመለስ ከዘፋኙ እኩል ገባ። ከዚያ የሠራው ገብቶት መስመሩ መሃል ላይ መዳፉን አንሥቶ አቆመ።

«ምነው ዲያቆን? ባትሪ አለቀ?» አለ መላኩ።

ይትባረክ አንድ ቃል አሳስቶ ነበር፤ ለምን እንደተናገርኩ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። «‹መንገድ› አይደለም የሚለው፣ ‹ጎዳና› ነው» አልኩና ደብተሬን ዘረጋሁ። ጥፋቴም አብሮ ተዘረጋ።

በዚሁ መሃል አክስቴ ከጓሮ ሮጣ ገባች። «ምኑ ነው ያረረው? ማነው ብርቄን የሚጣራት?» የራሷን ድምፅ ከቴፕ ሰምታ አታውቅም ነበር። መላኩ ቴፑን ወደ ኋላ መለሰላት። እጅዋን አፏ ላይ ጭና ሰማች። «እኔ ነኝ? እንዲህ ነው እንዴ የምጮኸው?» ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

መላኩ ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር ገለጠ። «በቃ፣ ክርክሩ አለቀ» አለ። «ዲያቆኑ በቃሉ የያዘው፣ እናቴ ያለችበት ካሴት ክላሲክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ወደ አባቴ ስለመመለስ ማንም አላነሳም። የዚያን ቀን ምሳ ሁለት ጊዜ በላሁ።

ዛሬ አልበሙ ሳይጎድል ስልኬ ውስጥ አለ። ልጆች ኢንተርኔት ላይ ክላሲክ ነው፣ አይደለም እያሉ ሲሟገቱ አነባለሁ፤ ቃል ሲያሳስቱ ብቻ እጄን ይበላኛል። ሦስተኛው ዘፈን ሲደርስ ግን ትከሻዬ ሳላዘው ከፍ ይላል። ግጥሙ ሳይቋረጥ ያልፋል። እንዳይሰማብኝ የለመንኩት ያ ድምፅ አሁን ሲቀር ቅር ይለኛል፤ ስልኩን አነሳና ደብረ ታቦር እደውላለሁ።

«አንቺ ብርቄ፣ የት ነሽ?» ትለኛለች።

ትከሻዬ ያኔ ይወርዳል።