ጫማ ያስወለቀው ድቤ

በሐይቅ ዳር የምትኖረው ኡሙሰልማ ድቤ መምታት የጀመረችው ጥርሷን ሳትነቅል ነው ይባላል። ሰው ማጋነን ይወዳል። ያለ እሷ ሐድራ፣ የዱዓና የመንዙማው ጉባኤ፣ እንደማይደምቅ ግን ምቀኛዋም አይክድም።

ድቤዋ እንደ አገሩ ድቤ አልነበረም። አያቷ ሐጅ ሄደው ሳሉ አንድ የፋርስ ሐጃጅ የሰጣቸው ነው፤ እንደ ወንፊት ሰፊ፣ ባንድ ወገን ብቻ ቆዳ የለበሰ፣ በክፈፉ ውስጥ ዙሪያውን ትናንሽ የብረት ቀለበቶች የተንጠለጠሉበት። ቆዳው ሲያወጣ ቀለበቶቹ ይቀበላሉ።

በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ ሙዚየም ሲከፈት ቅርስ ሰብሳቢዎች መጡ። ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸው ነበርና፣ «እኔ ካልመታሁት እንግዲህ ሰው ይየው» ብላ በገዛ እጇ ሰጠች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣች። በቤታቸው ወግ፣ በየሐሙሱ ዱዓ ያልተደረገበት ድቤ ይቀየማል፤ የተቀየመ ድቤ ደግሞ ድምፁ አይመለስም። የአያቷን አደራ የገደለች መሰላት።

ቢጨንቃት ጎረቤቷን ወይኒቱን ይዛ ደሴ ወጣች። በሩ ላይ እንደ ሐድራ ቤት ጫማዋን አወለቀች። ወይኒቱም ከቤተ ክርስቲያን ለምዶባታልና አወለቀች።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው፤ ጫማዎን ያድርጉ» አለ ጥበቃው ኃይለ ኢየሱስ እየሳቀ።

«የሙዚየሙን አላውቅም ልጄ። ድቤው ያለበት ቤት በጫማ አይገባም።»

ድቤው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከፊቱ ገመድ ተወጥሯል። መንካት ክልክል ነው። ኡሙሰልማ ከገመዱ ወዲህ ቆማ እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። ከዚያ መንዙማውን ጀመረች።

ድቤው ዝም አለ። ወይኒቱ ጓደኛዋን ማየት አቅቷት አቀረቀረች። ኡሙሰልማ ግን አላቆመችም፤ ድምጿን አወፈረች፣ ዝቅ አደረገች፣ ደግማ ዝቅ አደረገች።

ያኔ ማንም ሳይነካው ቀለበቶቹ ተንሿሹ። ዝም ስትል ዝም አሉ። ስታወጣ ተቀበሏት። ሱብሃነላህ! የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

«አልተቀየመኝም!» አለች እንባዋ እየወረደ። «ሰማሽ ወይኒቱ? አልተቀየመኝም!»

«ሰማሁ እንጂ! ጠጉሬ ቆመ እኮ!»

ይመለስልኝ ልትል የመጣችው ሴት ስለ መመለሱ አንድም ቃል ሳታነሳ ልትሰናበት ዞረች። ኃይለ ኢየሱስ ከኋላቸው ቆሟል። ቦት ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።