የ«ሁለቱ መቀሶች» የመጨረሻ ቀን

ኖሪን አክሮይድ «ሁለቱ መቀሶች» የተባለውን መጠጥ ቤት ከባሏ ጋር ስትረከብ፣ የምንጣፍ ፋብሪካው ሠራተኛ ልብሱን ሳይቀይር እሷ ዘንድ ይገባ ነበር። መቀመጫ እየጠፋ ብርጭቆ የሚተላለፈው በሰው ራስ ላይ ነበር። ኋላ ፋብሪካው ተዘጋ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ሊድስ ሄደ፤ የቀረውም የጣሳ ቢራውን ይዞ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተጎለተ። ባሏም ሞተ።

ያልሞከረችው የለም። የእሑድ ምሳ አበሰለች፣ የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀች፣ ዘፋኝ አስመጣች። ዘፋኙ ለክሊፎርድ ብቻ ዘፍኖ ሄደ። ክሊፎርድ ጡረታ የወጣ ሸማኔ ነው፤ ቤቱን ማሞቅ ስላቃተው ከቀትር ጀምሮ እሳቱ ዳር ተቀምጦ አንዲት ብርጭቆ እስኪመሽ ያቆያታል። እሷም ፎቅ ላይ ካፖርት ደርባ እየተኛች የታቹን ምድጃ አላጠፋችም።

በኅዳር ወንዙ ሞልቶ ቢራው የሚቀመጥበትን ምድር ቤት አጥለቀለቀው። እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ ከበርሜሎቹ ጋር ስትታገል ዋለች። የሕንፃው ባለቤት የሆነው ቢራ ጠማቂ ድርጅት ግን ቤቱን አላድስም አለ፤ ለአፓርታማ ሠሪዎች ሸጦታል። ደውላ ለመነች፣ አለቀሰች፤ የሰማት የለም።

ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ ሲሰማ፣ በመጨረሻው ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ለዓመታት ደጇን ያልረገጡት እያቀፏት አለቀሱ። አንዱ የዳርት መወርወሪያ ሰሌዳውን፣ ሌላው የግድግዳውን ፎቶግራፍ «ለማስታወሻ» እያለ ነቅሎ በብብቱ ሸጎጠ።

«ሚስቴን ያገኘኋት እዚህ ነው፣ ኖሪንዬ» አላት ቧንቧ ሠራተኛው ዴሪክ፣ እንባውን እየጠረገ።

«እስከ ዛሬስ የት ነበርክ?»

«ያው፣ ኑሮ ነው እንግዲህ።»

«ቤትህ እኮ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ዴሪክ። መብራትህን በመስኮት አየዋለሁ።»

ዴሪክ አቀረቀረ። ኖሪን በርሜሉ ሳያልቅ፣ ገና በቀን፣ ቤቱ ሲዘጋ የሚደወለውን ደወል ደወለች። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። የቢራ መቅጃውን ዘግታ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ «ውጡልኝ» አለች። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። የነቀሉትን የመለሰ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ቁልፉን አስረክባ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ ክሊፎርድን ደጃፉ ላይ አገኘችው።

«ትናንት ወንበሬን ይዘውብኝ ተመለስኩ፣ ልጄ። ዛሬ ምነው ዘገየሽ?»

ተዘግቷል አለችው። ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት።

«እና የት ልሂድ?»

እሷ ራሷ የምታድረው እህቷ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር። ክንዱን ይዛ የአውቶብስ ማቆሚያው መጠበቂያ ክፍል አስገባችውና፣ ተራዋ እስኪደርስ አብራው ተቀመጠች። አውቶብሷ ሲመጣ ተነሣች፤ እሱ ቀረ።

የብርዱ ወራት ሳይወጣ ክሊፎርድ ቤቱ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ ብለው ደወሉላት። ከቀብሩ መልስ የሚቀመጡበት ቤት ስላልነበረ፣ ሰዉ መካነ መቃብሩ በር ላይ በዝናብ ትንሽ ቆመና ተበተነ። ኖሪን ብቻዋን ቀረች። አንድ ብርጭቆ ልትቀዳለት ፈለገች፤ የምትቀዳበት ቤት አልነበራትም።