ከኋላ ወንበር ሥር

አቶ ፍሰሐ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ የቀራቸው ሥራ ነጯን ቮልስ መኪናቸውን መንከባከብ ነበር። በ1978 ዓ.ም. አሰላ ይሠራ ከነበረ ሐኪም ነው የገዟት። ሦስቱም ልጆቻቸው መንዳት የተማሩት በእሷ ነው።

መኪናዋ አንድ ዐመል አላት። ዝም ብላ ቆማ እንኳ ባትሪዋን ትጨርሳለች። ስለዚህ አቶ ፍሰሐ ግቢ ባስገቧት ቁጥር የኋላውን ወንበር ያነሣሉ፤ የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነው። ጎንበስ ብለው ዳዶውን በመፍቻ ቁልፍ ፈትተው ገመዱን ያላቅቃሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውድነሽ «ወገብህን ጨረስከው፤ ለሠሪ አሳያት እንጂ» ቢሏቸውም እሺ አላሉም።

አምና ኅዳር ላይ ኢተያ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ወይዘሮ ውድነሽ የፊቱን ወንበር ለአንዲት አሮጊት ጎረቤታቸው ለቀው ከሁለት ሴቶች ጋር ከኋላ ተቀመጡ። መንገድ ላይ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። ቀጥሎ ከሥራቸው ጭስ ወጣ። ወንበሩ በክብደት ረግቦ የብረት ሞላው ባትሪውን ነክቶ ኖሯል።

አቶ ፍሰሐ ዳር ይዘው አቆሙ። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ናት፤ አሮጊቷ እስኪወርዱ ከኋላ ያሉት መጠበቅ ነበረባቸው። ሁሉም ከወጡ በኋላ አቶ ፍሰሐ መፍቻውን ፈልገው፣ የጋለውን ዳዶ ፈትተው፣ አፈር በትነው እሳቱን አጠፉ። ሁለት ጣታቸው ተላጠ። ቀና ሲሉ ወይዘሮ ውድነሽ ሚኒባስ አስቁመው እየተሳፈሩ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቮልሷን አልረገጧትም። ቤተ ክርስቲያንም ገበያም በባጃጅ ሆነ። አይቆጡም፣ አይወቅሱም፤ ዝም ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ። አቶ ፍሰሐን ከጣታቸው ቃጠሎ ይልቅ ያ ዝምታ አመማቸው።

በሁለተኛው ወር መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ ወደምትሠራው ፈይሩዛ ሄዱ። ፈይሩዛ ወንበሩን አንሥታ አየችና፣ «ጋሽ ፍሰሐ፣ እንዲያው ፈጣሪ ነው ያወጣችሁ» አለች። «ባትሪውን በወፍራም ጎማ እሸፍነዋለሁ። ኔጋቲቩ ገመድ ላይ ደግሞ ማቋረጫ ላስገባልዎት። የማቋረጫውን መዘውር ሲያዞሩት ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ መፍቻ የለ፣ መፍታት የለ።»

«ቦዲዋን ልትበሺው ነው?»

«አልበሳም። የራሷ ብሎን ያለበት ቦታ ላይ ነው የማስረው።»

በማግሥቱ ግቢያቸው መጥታ ሠራችው። ቀዩን መዘውር ከኋላ ወንበር ፊት ለፊት፣ እጅ በቀላሉ ከሚደርስበት ቦታ አሰረችው። «ሞተር ሳይጠፋ ግን እንዳትነኩት» ብላ አስጠነቀቀች።

ወይዘሮ ውድነሽ ከበረንዳው ወርደው መጡ። «ማነው የሚያጠፋው?»

«እኔ ነኛ» አሉ አቶ ፍሰሐ።

«አንተ ከፊት ተቀምጠህ? እጅህ በምን ይደርሳል?»

ፈይሩዛ ሳቋን ዋጠች። ወይዘሮ ውድነሽ ጎንበስ ብለው መዘውሩን አዞሩት። ፈይሩዛ ለሙከራ ያበራችው የፊት መብራት ድርግም አለ። መለሱት፤ በራ። ሦስት ጊዜ ሞከሩት። ከዚያ ከኋላ ገብተው ተቀመጡና፣ «በል፣ በቆጂ እህቴ ዘንድ ውሰደኝ» አሉ።

«ከፊት አትመጪም?»

«የለም፣ እዚሁ ነኝ።»

አቶ ፍሰሐ እስከ በቆጂ ድረስ በመስተዋት እያዩአቸው ነዱ። ሲደርሱ ሞተሩን አጠፉ፤ ከኋላቸው መዘውሩ ቀጭ አለ። እህትየው ብርድ ልብስ ደርባ ልትስማቸው ብትመጣ ወይዘሮ ውድነሽ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይቺን ተመልከች» ብለው ወንበሩን አነሡላት።

ዛሬም የሚቀመጡት ከኋላ ነው። የማያውቋቸው ሰዎች አቶ ፍሰሐ የወይዘሮ ውድነሽ ሾፌር ይመስሏቸዋል። እሳቸውም አያስተባብሉም።