እትዬ አሰለፈች ያልደረሱበት ሩጫ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ በተመለሰችበት ሰሞን፣ አንድ እሁድ ጠዋት ነው። ዛሬም ሰው “ደንበኛ እንዴት ነው የሚያዘው?” ብሎ ሲጠይቀኝ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የዚያ ጠዋት ድንጋጤ ነው።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ፒያሳ ውስጥ ትንሽ የስፖርት ጫማ ሱቅ አለችን። በአካባቢው ብዙ ቤት ፈርሶ ሰው ሲበተን ገበያችን ቀዘቀዘ። ያኔ ነው ዳዊት የሩጫ ሐሳብ ያመጣው። በወር አንድ እሁድ ደንበኞቻችንን ሰብስበን፣ ከሱቁ ተነስተን፣ በቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ወርደን፣ ዳገቱን ይዘን እንመለሳለን። የሱቁ ስም ያለበት ቲሸርት እንሰጣለን። ሰው ወደደው።

ከሁሉም የሚታወቁት እትዬ አሰለፈች ናቸው። እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልደው፣ እዚያው ወልደው የከበዱ ሴት ናቸው። ቤታቸው ሲፈርስ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ሩጫ ባለ ቁጥር ግን በማለዳ ታክሲ ተሳፍረው ከች ይላሉ። ከመሮጥ ማውራቱ ይበልጥባቸዋል።

“እትዬ፣ ዛሬ ማንን ሊቀድሙ ነው?” ሲባሉ፣ “ወሬ አይቅደመኝ እንጂ ሌላው ይቅደመኝ” ይላሉ።

የዚያን ዕለት እንግዳ ነበረብን። አንድ ጫማ አስመጪ የላከው ሰው ነው። ደንበኛ ምን ያህል እንደሚወደን አይቶ፣ ጫማውን የመሸጥ ውክልና ይሰጠን እንደሆነ ሊወስን መጣ። ዳዊት ባነር ሰቅሎ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ቀጥሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ሩጫው አልቆ ሰዉ ገባ። ላቡን እየጠረገ ባነሩ ሥር ተሰበሰበ። ሜዳሊያ ልንሰጥ ስንል ከባንኮኒው ጀርባ ስልክ ጮኸ። ሯጮቹ ዕቃቸውን እዚያ ነው የሚያስቀምጡት። የሚጮኸው ከእትዬ አሰለፈች ቦርሳ ውስጥ ነበር። አላቆም ሲል አነሳሁት።

“እማዬ?” አለች አንዲት ሴት።

“አልገቡም ገና። እኔ የሱቁ ባለቤት ነኝ።”

“ቁርሷን ሳትበላ ነው የወጣችው! የስኳር መርፌዋን ተወግታ ምግቡን ጠረጴዛ ላይ ትታው ሄዳለች። በናትሽ ፈልጊልኝ!”

አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። መድኃኒት ወስደው ሳይበሉ ዳገት መውጣት ስኳርን አውርዶ አእምሮን እንደሚያስት አውቃለሁ።

“እትዬ አሰለፈችን ያየ አለ?” ብዬ ጮህኩ።

አንዱ አደባባዩ ጋ አይቻቸዋለሁ አለ። አንዷ ደግሞ “ዳገቱ ላይ ‘እናንተ ሂዱ፣ ቀስ ብዬ እመጣለሁ’ ብለውኝ ነበር” አለች። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።

ዳዊት ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። “እንግዳው ሊሄድ ነው። ሰው እንላክና ሽልማቱን እንጀምር። እዚህ ሰው ጠፋ ከተባለ ስማችን አለቀለት።”

“ስማችን ገደል ይግባ!” አልኩትና ቁልቁል ሮጥኩ።

ዞር ብዬ ሳይ ሰዉ ሁሉ ተከትሎኛል። ደክሞት የተቀመጠው ሳይቀር ተነስቷል። በየመታጠፊያው ተበትነን ስማቸውን እየጠራን ሮጥን። ካፌ ገባን፣ ዘበኞችን ጠየቅን። የለም። አንድ አምቡላንስ እየጮኸ ሲያልፍ ቆሜ አየሁት። ለልጃቸው ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ከድር የሚባል የቀድሞ ጎረቤታቸው አጠገቤ ቆሞ እያለከለከ ነበር። “ቤታቸው ሄደው ቢሆንስ?” አለኝ።

“የትኛው ቤት?”

“የድሮው።”

“ፈርሷል እኮ!”

“ስኳር የወረደበት ሰው መፍረሱን በምን ያስታውሳል?”

ወደ ዶሮ ማነቂያ በረርን። ከቆርቆሮ አጥር ኋላ፣ ፍርስራሹ መሐል፣ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ላብ አጥምቋቸዋል። በእጃቸው አፈሩን ይዳብሳሉ።

“ቁልፌን ማን ወሰደብኝ?” አሉ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ።

ከድር ሮጦ ለስላሳ ይዞ መጣ። ቀና አድርጌ ደግፌ ትንሽ በትንሽ አጠጣኋቸው። መጀመሪያ ተፉት። “እትዬ፣ በሞቴ” አልኳቸው። ዋጡ። ደገሙ። የቀረውም ሰው ደርሶ ዙሪያችንን ከበበ።

ቆይተው ዓይናቸው ጠራ። ከድርን ትኩር ብለው አዩትና፣ “አንተ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሚያልብህ?” አሉት። ሳቅንም አለቀስንም።

ክሊኒክ ወሰድናቸው። ልጃቸው እስክትደርስ፣ ሰዉ ከነቲሸርቱ ደጁ ላይ ተኮልኩሎ ጠበቀ። እንግዳው ግን አልጠበቀንም። ውክልናውም ሳይሰጠን ቀረ። ዳዊት ለሳምንታት አኮረፈኝ።

በሚቀጥለው ወር ግን ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው ሲያይ ኩርፊያውን ረሳው። ያልጋበዝናቸው ሰዎች መጥተዋል። እትዬ አሰለፈችም ልጃቸውን አስከትለው፣ ቁርሳቸውን በልተው መጡ። እኔም ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኳቸው።

“እትዬ፣ እርስዎ ሰፈር ጫማ ቤት ሞልቶ ይህን ሁሉ መንገድ ለምን ይለፋሉ?”

“ጫማማ ሞልቷል” አሉኝ፣ የጫማቸውን ክር እያጠበቁ። “ስዘገይ ‘የት ቀረች?’ የሚል ግን እዚያ ገና አላገኘሁም።”

ዳዊት ዛሬም ከፊት እየሮጠ ቪዲዮ ያስቀርጻል። ይቅናው። እኔ ግን ከዚያን ዕለት ወዲህ ከሁሉም ኋላ ነው የምሮጠው። ዳገቱ ላይ አንድ ሰው ቆም ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ቀጥ ይላል። ያ ሰው እግሩን እስኪያነሳ ድረስ እኔም አልንቀሳቀስም።