የአክታው ውጤት

ክሊኒክ ገብቼ የአልኮል ሽታ ሲቀበለኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። እናቴ ወሎ ሰፈር አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራ ስለነበር ቤት ስትገባ እንዲህ ትሸት ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ቤታችን መጡ። ቲቢ ለያዛት አንዲት ምዕመን ጸልየውላት ነበር።

«እህት ትዕግሥት፣ አክታዋ ንጹሕ ነው ብለሽ ጻፊላት፤ እሁድ ትመሰክራለች» አሏት እናቴን።

«አልዳነችም እኮ ጋሼ! ባክቴሪያውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። መድኃኒቷን ካቆመች ትሞታለች።»

«እምነት እኮ የማይታየውን ማመን ነው።»

«የማላየውንማ አምናለሁ» አለች እናቴ። «ያየሁትን ግን አላየሁም አልልም። ጌታ በኔ ውሸት ነው እንዴ የሚከብረው?»

ያኔ ነገሩ በቅጡ አልገባኝም። ሽማግሌው ሲወጡ «እምነትሽ ደክሟል» ማለታቸውን ብቻ ያዝኩ። በሳምንቱ ከመዘምራን አስወጧት፤ ያውም በጉባኤ ፊት! እሷ መጽሐፍ ቅዱሷን አቅፋ መጥታ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በሽማግሌው ዛሬም እናደዳለሁ። ከሳቸው ይበልጥ የምናደደው ግን በዚያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ እናቷ አጠገቧ ቦታ ይዛላት እያለ፣ ሄዳ ከሽማግሌው ጎን በተቀመጠችው።