እንቅልፍ ያጣው ኮምፒውተር

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ «ጋሽ መስመር» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጠማማ ነገር ማየት ስለማይችል። ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል ካየ ወሬውን አቋርጦ ይነሳና ያቃናዋል። አንድ ቀን አለቃው ክራቫት አስሮ ሲመጣ ሰላምታውን እንኳ ሳይመልስ ክራቫቱን አስተካከለለት፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ ዋለ።

ሥራው የመጻሕፍት ገጽ ማቀናበር ነው። በወጣትነቱ የብረት ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድር ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ እኩዮቹ «ይሄ ነገር ለእኛ አይሆንም» ብለው ሲወጡ እሱ ቁጭ ብሎ ተማረ። ከዚያ ወዲህ ያቺ በመስኮቱ በኩል ያለችው ጠረጴዛ የእሱ ሆነች።

ማተሚያ ቤቱ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ነው የሚሠራው። ባትሪው ቶሎ እያለቀ ቢያስቸግር አለቃው ደንብ አወጣ፦ ማንም የማይነካው ኮምፒውተር ጥቂት ቆይቶ ስክሪን ሴቨሩ ይምጣ፣ ከዚያም ስክሪኑ ይጥፋ። የሁሉም ኮምፒውተር እሺ አለ። የጋሽ መስመር ግን አሻፈረኝ አለ። እሱ የታተመውን ረቂቅ ወረቀት ላይ እያነበበ ረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ስክሪኑ ቦግ እንዳለ ይቆያል።

«ኮምፒውተሩንም እንደ ራሱ እንቅልፍ ነሳው እኮ!» አለች መጽሐፍ ጠራዧ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

አለቃው ቴክኒሻን አስጠራ። የመጣችው ሁለት ልጆች ያሏት፣ ወሬ የማትፈራ ሴት ናት። ሴቲንጉን ከፍታ አየች። የኃይል ቁጠባው በርቷል፤ ስክሪን ሴቨሩ ተመርጧል፤ ጊዜውም ልክ ነው። ተደብቆ እየሠራ እንዳይተኛ የሚከለክለው ፕሮግራም ይኖር ይሆን ብላ ሁሉንም ዘጋጋች። ምንም የለም።

«ማውሱ ይሆናል» አለች። «ሥሩ ሲቆሽሽ ማንም ሳይነካው የተነካ ይመስለዋል።»

ማውሱን ጠረገች፣ ከሥሩም ነጭ ወረቀት አነጠፈች። ከዚያ እሷና ጋሽ መስመር እጃቸውን ሰብስበው ቆመው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ባለቀለም አረፋዎች ስክሪኑ ላይ መንሳፈፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎም ጨለመ።

«ይኸው ዳነ፣ ጋሼ!»

ዕቃዋን ስትሰበስብ ጋሽ መስመር ተቀመጠ። ረቂቁን በግራ እጁ ያዘ፤ ቀኙን እንደ ልማዱ ማውሱ ላይ አሳረፈ። እሷ ጨርሳ ዞር ስትል ስክሪኑ አሁንም እንደበራ ነው። ተናደደች። ከቦርሳዋ አዲስ ማውስ አውጥታ ቀየረችለት። ያው ነው። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው። ትንሿ ቀስት ባለችበት ሆና ትርገፈገፋለች። ዓይኗ ከቀስቷ ወርዶ እጁ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ያንሱልኝ።»

አላነሳም።

«ጋሼ?»

«ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሞኒተሩ ነው በያቸው።»

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ያኔ ነገራት። እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ጸጥ ይላል፤ ሲያርፍ ነው የሚንቀጠቀጠው። አንድ ነገር ሲጨብጥ ግን ሰው አያይበትም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ማውሱን ጨብጦ ይውላል፤ ሰውንም በአንገቱ ብቻ ሰላም ይላል። አንዳንዶች «ኮራ» ብለው አምተውታል።

«በሞኒተር ባሳብብ ሌላ ሞኒተር ይገዛሉ» አለችው። «ያም አይተኛም። ይልቅ ሐኪም ይይዎት፣ በሞቴ።»

ለአለቃው «ማውሱ ነበር፣ ቀይሬዋለሁ» ብላ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ መስመር ሲያነብ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ስክሪኑም በሰዓቱ ይተኛል። ሁሉም «የእጅ አዋቂ ናት» እያሉ ቴክኒሻኗን አመሰገኑ።

ለሚስቱ የነገራት በእረፍት ቀኑ፣ ምሳ በልተው ሲጨርሱ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ ሲደርስበት አቋረጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ብርጭቆህን ለምን ግማሽ ብቻ የምሞላልህ ይመስልሃል?»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ካንተ በፊት ሳይሆን አይቀርም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ብዬ ነዋ!» አለችና ሳህኖቹን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ውሃ ሲወርድ ይሰማዋል፤ ሳህን ሲታጠብ ግን አይሰማም። ተነስቶ ሄደና አጠገቧ ቆመ። ቧንቧውን የዘጋው እሱ ነው።

ሐኪሙ ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ ነው አለው። መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። እውነትም ለጊዜው ረዳው። ቆይቶ ግን ሥራ ላይ ጸጥ ይል የነበረው እጅም እምቢ አለ። ቀስቷ የፈለገበት አልቆም አለችው፤ በአንድ ጠዋት የሚጨርሰው ገጽ ቀኑን ይበላ ጀመር። ማንም ሳይጠይቀው አለቃው ዘንድ ገብቶ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አለቃው አየውና «አራሚ ሆነህ ተቀመጥ፣ ጋሼ፤ ዓይንህ ይበቃናል» አለው። ተቀመጠ። ግን ወረቀቱም በእጁ ላይ አልረጋ አለው፤ የሚያነበው መስመር ከዓይኑ ሥር ይሸሻል። አንድ ማክሰኞ ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ሐኪሙ እንዲራመድ ስላዘዘው በየምሽቱ ከሚስቱ ጋር ይወጣሉ። እሷ በቀኙ ሆና የሚንቀጠቀጠውን እጅ በክንዷ ሥር ታቅፈዋለች። ልብስ ሰፊው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «በስተርጅና ፍቅር ጠናባችሁ!» ይላቸዋል። «ቅናት ነው» ትለዋለች እሷ።

መጀመሪያ እስከ ድልድዩ ይደርሱ ነበር። በኋላ እስከ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሆነ፤ ቀጥሎ እስከ ጎረቤቱ አጥር። ባለፈው ክረምት ከግቢው በር አልወጡም። ደጃፉ ላይ ሁለት ወንበር አወጣች፤ እሱን አስቀመጠችና በቀኙ ተቀመጠች።